አጥንታቸው በአንድ ላይ፣ ስማቸው ለየብቻ

እ.ኤ.አ. በ1916 ፈረንሳይና ጀርመን ቬርደን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ አካባቢ ለአሥር ወራት ተዋግተው 300,000 ያህል ወታደሮች አለቁ። በስፍራው በ1932 የተመረቀው የዱዎሞን መታሰቢያ፣ ማንነታቸው ያልታወቀ የ130,000 ያህል ወታደሮችን አጥንት ይዟል። የፈረንሳዊው ከጀርመናዊው ሊለይ ስላልቻለ በአንድነት ዐርፏል። ይሁን እንጂ በግድግዳው ላይ የጀርመናዊ ስም አልነበረም።

ሁለቱ አገሮች በ1963 የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በ1984 ፕሬዚዳንት ሚተራንና ቻንስለር ኮል በዚያው ስፍራ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። የመጀመሪያው የጀርመን ወታደር ስም የተቀረጸው ግን በ2014 ነው።

ወገኖች፣ እርቅ በመሪዎች መጨባበጥ አያበቃም። የትናንቱን ጠላት ሟች እንደ ራስ ሟች በስሙ እስከ መጥራት ይደርሳል።