ቤተ ዘመዱ ወደ ደጋ ሲወጣ

የቆላ ሰው ሐሩሩ ሲበረታበት ወደ ደጋ መውጣቱ በእኛም አገር ከጥንት የነበረ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ጉዳይ ብቻ ከተማ ቆርቁሮ፣ ገደል ሰንጥቆ ሐዲድ ዘርግቶ፣ ጉዞውንም እንደ ዓመት በዓል በቀጠሮ የሚያከብር ሕዝብ ለማየት የወደደ ሰው ወደ ሕንድ አገር ይሻገር። በዚያ አገር «ሂል ስቴሽን» የሚባሉ የደጋ ማረፊያ ከተሞች ከሂማላያ ተራሮች ጀምሮ እስከ ደቡቡ ክፍል ድረስ ይገኛሉ። እኔ ያየሁት በታሚል ናዱ ያለውን፣ ኡቲ የተባለውን ነው፤ ያየሁትም ብቻዬን ሳይሆን፣ ከሕፃን እስከ አረጋዊ 23 ነፍስ ካለበት ከአንድ የቼናይ ቤተ ዘመድ ጋር ተጨምሬ ነው።

እንዴት ተጨመርህ ለሚለኝ፣ የቤቱ አባት በወጣትነታቸው ወራት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ከሕንድ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ካስተማሩት ብዙ መምህራን አንዱ ስለ ነበሩ፣ ሐበሻ የተባለውን ሁሉ እንደ ቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው ይቆጥሩታል። አማርኛቸው በዘመን ብዛት ቢጠፋም አንዲት ትእዛዝ ግን ቀርታላቸዋለች፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲንጫጩ «ዝም በሉ!» ይላሉ፤ ልጆቹም ቃሉ ከየት አገር እንደ መጣ ሳይጠይቁ ዝም ይላሉ።

በቼናይ የግንቦት ወር የመከራ ወር ነው። ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅ ሌሊት እንኳ አያስተኛም፤ ታሚሎቹም የወሩን ሃያ አምስት ያህል ቀናት «አግኒ ነክሻትራም» ማለትም የእሳት ኮከብ ብለው ሰይመዋቸዋል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ፣ ከሦስትና ከአራት ቤት የተሰበሰበ ዘመድ ገንዘቡን አዋጥቶ ወደ ተራራ ይወጣል።

«ዘመድ» የምንለውን ቃል እነርሱ እንደኛ በጅምላ አይናገሩትም። እኛ የአባትንም የእናትንም ወንድም «አጎት» ብለን ስናልፍ፣ በታሚል የአባት ታላቅ ወንድም «ፔሪያፓ»፣ ትልቁ አባት ነው፤ ታናሹ «ቺታፓ»፣ ትንሹ አባት ይባላል፤ የእናት ወንድም «ማማ» ነው፤ የአባት እኅት ደግሞ «አታይ» ናት። ስለዚህ የወንድማማቾች ልጆች በቋንቋው ሥርዓት እርስ በርሳቸው ወንድምና እኅት እንጂ ሌላ ስም የላቸውም። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ በጉዞው ላይ ግን ሥራ ሲሠራ አየሁት። ትልቁ አባት ገንዘብ ያዥ ነው፤ ትንሹ አባት ሻንጣ ተሸካሚና ቀልደኛ ነው፤ ማማ ለልጆች ቸኮሌት የመግዛት ግዴታ አለበት፤ አታይ ደግሞ የምግቡን ጉዳይ ሁሉ ትቈጣጠራለች፤ ማንም ማንንም ሳያዝ ሁሉም መዓርጉ የሚያስገድደውን ያደርጋል።

ከቼናይ ማታ 3 ሰዓት ገደማ የሚነሣው ባቡር ሲነጋ በተራራው ግርጌ ካለችው ከሜቱፓላየም ይደርሳል። ገና ሳንነሣ የቤቱ አያት አንድ በአንድ ቈጠሩን። ባቡሩ ሲንቀሳቀስም የሙዝ ቅጠል ጥቅሎች ተፈቱ፤ በሁመር የተለወሰ ሩዝ፣ በእርጎ የታሸ ሩዝ፣ ሊጡ እንደ እንጀራችን ቦክቶ በእንፋሎት የበሰለ ኢድሊ ተዘረጋ። ባቡሩ ውስጥ የሚሸጥ ምግብ መግዛት አታይን እንደ መስደብ ስለሚቆጠር ሻጩ በእኛ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ መሰለኝ።

ከሜቱፓላየም ወደ ላይ ያለው ነገር ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። የኒልጊሪ ተራራ ባቡር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ይነሣና 46 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ16 ዋሻዎች፣ በ250 ድልድዮችና በ208 ጥምዝምዞች አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ326 ሜትር ወደ 2,203 ሜትር ይወጣል። በጣም በቆመው ስፍራ በየ12 ሜትሩ አንድ ሜትር ስለሚወጣ ተራ መንኮራኩር ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርስ ያለው ብረት ተዘርግቷል፤ የሞተሩም ጥርሳም መንኮራኩር ያንን እየነከሰ ይወጣል። የእንፋሎቱ ሞተር ፉርጎዎቹን ከፊት አይስብም፤ ከኋላ ይገፋቸዋል እንጂ፤ በየፉርጎውም ፊት ፍሬን ያዥ ቆሞ ባንዲራ እያሳየ መልእክት ያስተላልፋል። ሐዲዱ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ የቀድሞውን የለገሃር ባቡር የሚያስታውስ አንባቢ ልኩን ያውቀዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 እስከ ኩኑር፣ በ1908 ደግሞ እስከ ኡቲ ተሠርቶ አለቀ፤ በ2005ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ባቡሩ ውኃ ሊጠጣ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ ጦጣዎች ይጠብቃሉ፤ አንዲቱም የትንሹን አባት ሙዝ ከእጁ ወሰደችበት።

ችግሩ ትኬት ነው። ሽያጩ በተከፈተ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ገንዘብ ያዡ ትልቁ አባት ለ23 ሰው ፈልጎ ያገኘው የ14 ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹና ልጆቹ በባቡር፣ የቀሩት በአውቶቡስ ይሂዱ ተብሎ ተፈረደ፤ እኔ በእንግድነቴ ከባቡሩ ጋር ተመደብሁ። ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ ጥላሸት ለብሰን ስንደርስ የአውቶቡሶቹ ሰዎች ገላቸውን ታጥበው፣ ሻይ ጠጥተው፣ በጣቢያው በር ቆመው ይስቁብን ነበር።

ኡቲን እንደ ከተማ የቆረቆራት በ1819 ወደ ተራራው የወጣው የኮይምባቱር ገዥ እንግሊዛዊው ጆን ሱሊቫን ነው፤ ሰው ሠራሹን ሐይቅም ያሠራ እርሱ ነው። እንግሊዞች በሰሜን ሲምላን ከ1864 ጀምሮ የበጋ መዲናቸው እንዳደረጉ፣ የማድራስ፣ ማለትም የዛሬዋ ቼናይ፣ ገዥዎችም ሙቀቱ ሲጠና ቢሯቸውን ከነመዝገቡ ጭነው ወደ ኡቲ ይወጡ ነበር። ሐሩሩን ብቻ አልሸሹም፤ የቆላውን ሕዝብ ግርግርና ጫጫታም ሸሽተው ነበር። እነሆ ዛሬ ያ የተሸሸው ሕዝብ ራሱ፣ ከነአያቱ፣ ከነሕፃኑና ከነድስቱ፣ በሐይቁ ዙሪያ ጀልባ ሊከራይ ተሰልፏል። በታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣፋጭ በቀል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ለአዲስ አበባ ሰው ኡቲ እንግዳ አገር አይደለችም። ከፍታዋ 2,240 ሜትር ያህል ነው፤ ከባቡሩ ወርጄ አየሩን ስስበው መጀመሪያ የሸተተኝ ባሕር ዛፍ ነበር። ወደዚያ ተራራ ከአውስትራሊያ የገባው በ1843 ነው፤ ከእኛ ዘንድ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ከመተከሉ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። ከቅጠሉ የሚወጣውን ዘይት በየሱቁ በጠርሙስ ይሸጡታል፤ ስሙም በተራራው ስም «የኒልጊሪ ዘይት» ይባላል። እኔ በአንድ ሹራብ ስዘዋወር፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ጆሮና አገጭ የሚሸፍነውን፣ ራሳቸው «የጦጣ ቆብ» የሚሉትን የሱፍ ቆብ ደፍቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተራራው ጥንተ ነዋሪዎች ቶዳዎች ናቸው፤ በጎሾቻቸው ወተት የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ ሕዝብ ናቸው። ነጭ ኩታ ቀይና ጥቁር ጥልፍ አድርገው ሲደርቡት ከሩቅ ያየ ሐበሻ ልቡ ይደነግጣል፤ እኔም ደነገጥሁ፤ ቀርቤም ጥለቱን በጣቴ ዳሰስሁት።

ማታ በተከራየነው ቤት ሁሉም በአንድ ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ ተኛ፤ መኝታ ክፍል ሞልቶ ሳለ። የድሮ ጠብ ተነሣ፤ የመሬት ክፍፍል ነገር ነበር፤ መምህሩ ሳል ብለው አበረዱት፤ አንዲት የልጅ ልጅ ልታገባ ስለምታስበው ልጅም ጨለማው ውስጥ ተነገረ። ይህን ለመናገር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልግ ነበርን ቢሉ፣ በቼናይ እያንዳንዱ በየክፍሉ በአየር ማቀዝቀዣ ሥር ይተኛል እንጂ አንድ ላይ አይተኛም። አንድ ነገር ግን ልናገር፤ ለወንዶቹ ዕረፍት የነበረው ለሴቶቹ ምድጃ መለወጥ ብቻ ነበር፤ በቀዝቃዛ ውኃ የ23 ሰው ዕቃ ሲያጥቡ አይቼ ባግዛቸው አታይ ከወጥ ቤት አባረረችኝ።

ከተማይቱ በሰው ብዛት እየተጨነቀች ነው። በማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከግንቦት 2024 ወዲህ ወደ ኡቲ የሚወጣ መኪና አስቀድሞ የይለፍ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በ2025 የበጋ ወራት ደግሞ በሥራ ቀን ከ6,000፣ በሰንበት ከ8,000 መኪና በላይ እንዳይገባ ተወስኖ ነበር። ተገቢ ውሳኔ ነው፤ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ መከልከሉም እንዲሁ። እንግዲህ መሄድ የሚሻ አንባቢ ትኬቱን አስቀድሞ ይቍረጥ፤ ጋቢውንም ይያዝ፤ ሙዙንም ከጦጣ ይሰውር። የመውጫው ጉዞ አምስት ሰዓት ያህል ቢፈጅም፣ መውረጃው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።