በሸመገለ ዓይን ላይ ስለሚደረግ የሌዘር ሕክምና

ዕድሜያቸው ከአምሳ ዓመት ያለፈ ሰዎች «በሌዘር ታክመን መነጽራችንን ብንጥልስ?» እያሉ ይጠይቁናል። ዘመኑን ሁሉ መነጽር በአፍንጫው ላይ የተሸከመ ሰው ምኞቱ ይገባናል።

በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1995 የተፈቀደው ይህ ሕክምና የሚቀርጸው በዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለት ብሌኑን ነው፤ ውፍረቱም መካከሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ንባብን የሚያስቸግረው ግን በስተውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ መሄዱ ነው። ይህን ሌዘሩ አይነካውም።

ከልጅነቱ ጀምሮ የሩቁን ማየት የተሳነው አንድ የአምሳ አምስት ዓመት መምህር እናስብ። ዛሬ የተማሪዎቹን ደብተር የሚያርመው መነጽሩን አውልቆ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ለሩቅ ቢስተካከሉ ሰሌዳውን ከክፍሉ ጫፍ ሆኖ ያነባል፤ ለደብተሩ ግን መነጽር መግዛቱ አይቀርም። አስቀድሞ ሳይነገረው ቀርቶ ተታለልሁ ቢል አንፈርድበትም። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሁለተኛውን ለቅርብ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ሁሉ ሰው ስለማይለምደው በመጀመሪያ በብሌን ላይ በሚደረግ ስስ ሌንስ መሞከር ይገባል።

የዓይን ሞራ መጀመሩ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሹ ሲተካ የሩቁ እይታ አብሮ ሊስተካከል ስለሚችል፣ ብሌንን አስቀድሞ ማስቀረጽ በእኛ አስተያየት ትርፉ ጥቂት ነው።

በሌዘር የታከመ ሰው ከሕክምናው በፊት የተለካውን የዓይኑን ልክ ከሐኪሙ ተቀብሎ በቤቱ ያኑር፤ ኋላ ሞራ ሲወጣለት የሚተካውን ሌንስ ቍጥር ለማስላት ይረዳልና።