ጋምቤላ ላይ የእርጅናን ወጪ የሚከፍለው ማነው?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አንዲት እናት አርጅተው አልጋ ከያዙ ወጪያቸውን በወር ደምሮ የሚይዝ ሰው አይገኝም። ውኃ የምትቀዳው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ገላቸውን የምታጥበው ምራታቸው። የሚበሉት ከቤቱ ድስት ነው፤ የደም ግፊት ኪኒኑ የሚገዛው አዲስ አበባ ያለው ልጅ በላከው ብር ነው። ሒሳቡ አይታይም እንጂ ከፋይ አለው። ቤተሰቡ ሲሳሳ ከፋዩ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሲነሳ ኖሯል። መንግሥት ለረጅም ጊዜ የሰጠው መልስ ግን በአመዛኙ ደመወዝተኛውን ብቻ የሚመለከት ነበር።

ሕጉን ስናይ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ ግዴታውን ግን በአገሪቱ አቅም ይገድበዋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ሸክሙን ልጆች ላይ ይጥላሉ፤ ወላጅ ራሱን መቻል ሲያቅተው ልጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ልጁን ፍርድ ቤት አቁሞ ቀለብ የሚያስቆርጥ አባት ግን ብርቅ ነው፤ ስሙን የሰፈር መጫወቻ ከማድረግ ጾሙን ቢያድር የሚመርጠው ይበዛል። ደግሞስ ልጁ ራሱ ሥራ ፈት ከሆነ ምን ሊፈረድበት ነው?

ጡረታው ሌላ ነው፤ በቁጥር ይታያል። የመንግሥት ሠራተኛ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያስተማረ፣ አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ መምህር እንውሰድ። 55 በመቶው 3,300 ብር ይሆናል። እሱ ሲሞት ለሚስቱ የሚተርፈው የአበሉ ግማሽ ነው፤ 1,650 ብር። በዚህ ላይ መድኃኒት አለ። በ2002 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ጡረተኞችን ቢያካትትም ሥራ ላይ ሳይውል ዓመት በዓመት ሲገፋ ቆይቷል። የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የጡረታ ባለመብት የሆነው ደግሞ በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት በሱቅና በጋራዥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ባዶ እጁን ቀርቷል።

ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ የሚበዛው ግን ደመወዝ ቀርቶ የቅጥር ደብዳቤም አይቶ አያውቅም። አኙዋው በባሮ፣ በአልዌሮና በጊሎ ዳር በቆሎና ማሽላ ዘርቶ፣ ዓሣ አጥምዶ ኖሯል። መዠንግሩ ከጫካው ማርና ቡና ያገኛል። ኑዌሩ ከብት ያረባል። የኑዌር ሽማግሌ ጡረታ በረቱ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሴት ልጅ ስትዳር የሚመጣው የጥሎሽ ከብት ለአባት፣ ለአጎት፣ ለእናት ወገን ሁሉ ተከፋፍሎ ይደርሳል፤ ወተቱም ዝምድናውም ሽማግሌውን ያኖራል። በሚያዝያ 2008 ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናት አግተው፣ ከ2,000 በላይ ከብት ሲነዱ ዜናው የጸጥታ ዜና ሆኖ አለፈ። ጥቃቱ በደረሰባቸው የኑዌር ወረዳዎች፣ በጂካዎና በላሬ፣ ግን በአንድ ቀን ጧሪ ልጅም፣ ጧሪ ከብትም ያጡ አረጋውያን ቀርተዋል። ያን ኪሳራ መዝግቦ አበል የሚቆርጥ ኤጀንሲ የለም።

የሰፋሪዎቹ ነገር ደግሞ ከሁሉም የሚገርም ነው። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሐድያ ሰው እያነሳ ወደ ጋምቤላ አመጣ፤ ብዙዎቹ በአቦቦ አካባቢ ሰፈሩ። ያኔ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ 70 አልፎታል። በ1997 የገጠሩ ሴፍቲኔት ሲጀመር፣ ጉልበት ያላቸው በማኅበረሰብ ሥራ፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዱ ተደረገ። ወረዳዎች የተመረጡት ለተከታታይ ዓመታት የምግብ ዕርዳታ መቀበላቸው እየታየ ነበር። ብዙ የወሎ ወረዳዎች ገቡ። ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለም ናቸው ተብለው ከፕሮግራሙ ውጭ ሆኑ። እንግዲህ ከድርቅ ሸሽቶ አቦቦ የሰፈረ ሰው እዚያው ወሎ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ በእርጅናው የቀጥታ ድጋፍ ሊያገኝ ይችል ነበር። ለም መሬት ላይ የሚኖር ሰው አርጅቶ መቆፈር ሲያቅተው የመሬቱ ልምላሜ ምን ይፈይድለታል? ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ይህን ጥያቄ ያነሱት አይመስለኝም።

ለከተማው ሰው ነገሩ የተሻሻለው በ2009 ገደማ ነው። በዓለም ባንክ ብድር የተደገፈው የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ጋምቤላ ከተማ አንዷ ነበረች፤ ቀጣዩ ምዕራፍ ወደ 83 ከተሞች ሰፍቷል። መልማዩ የቀበሌ ኮሚቴ ነው፤ የቤቱ ኑሮ በመጠይቅ ይመዘናል። እዚህ ላይ የዕድሜ ጣጣ ይመጣል። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ስለሆነ ዛሬ 70 ዓመት የሞላው ሰው ሲወለድ የተመዘገበበት የልደት ወረቀት የለውም ማለት ይቻላል። ጋምቤላ የሱዳን መርከብ የሚያራግፍባት የንግድ ጣቢያ ሳለች፣ ሱዳን ነፃ ሳትወጣ፣ ልጅ የነበረ ሰው ዕድሜውን የሚያሰላው በመርከቡ፣ በጎርፉ ወይም አብሮት ባደገው እኩያው ነው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን ጸሐፊው የገመተው ቁጥር ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑም አማርኛ የማይሰሙ አኙዋ ወይም ኑዌር እናት ቀበሌ የሚሄዱት አስተርጓሚ የሚሆን የልጅ ልጅ አስከትለው ነው።

በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊ ወይም በፒኝዶ መጠለያ ያለው አረጋዊ ስደተኛ ደግሞ በሌላ መዝገብ ይታያል። ራሽኑ የሚመጣው ከዓለም ምግብ ፕሮግራም ነው፤ መጠኑ በለጋሾች ኪስ ልክ ሲቀነስ ኖሯል፤ በሰኔ 2015 ደግሞ ዕርዳታ ተዘርፏል በሚል ምክንያት በመላ አገሪቱ ለወራት ተቋርጦ ነበር።

ታዲያ ማዕከል መክፈት አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። የሁሉም አእምሮ ወደ አዲስ አበባው መቄዶንያ ይሄዳል፤ ቢንያም በለጠ ከመንገድ ያነሳቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በቤተሰቡ ቤት በማስጠጋት ጀምሮት ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚረዱበት ድርጅት ሆኗል። ለተረጂው ነፃ ነው፤ ወጪው በምጽዋት ይሸፈናል። ለወደቀ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ግን የቆላ ሰውን ወደ አዲስ አበባ ብርድ፣ ቋንቋውን ወደማይሰማ ክፍል ወስዶ ማስተኛት መፍትሔ ነው ለማለት ይቸግረኛል። የጋምቤላ አረጋዊ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው አልጋ አይደለም፤ አጎበር፣ ኪኒን፣ ዱቄት፣ ውኃ የሚያመላልስለት ሰው ነው። ደገኛው እድር አለው፤ እድሩ ግን በአብዛኛው ድንኳን የሚተክለው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ቀባሪው አለ፤ የጠፋው ጧሪው ነው።

ውኃ የሚያመላልሰውን ሰው ጉዳይ ግን ማንም በቅጡ አላየውም። በ2008ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ኤችአይቪ በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር፤ በአገሪቱ ከፍተኛው፣ ከአገር አቀፉ 0.9 በመቶ ደግሞ በአምስት እጥፍ የሚበልጥ። መካከለኛው ትውልድ በበሽታና በግጭት በሳሳበት ቤት አያት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ያቺው የልጅ ልጅ ትንሽ ከፍ ስትል አያቷን ታስታምማለች። ሴፍቲኔቱ ደግሞ ቤተሰብን የሚለየው በጉልበት ነው፤ ሥራ የሚችል ሰው የሌለበት ቤት የቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፣ የሚችል ያለበት ለጽዳትና ለአረንጓዴ ልማት ይሰማራል። 19 ዓመት የሞላት ልጅ ያለችበት ቤት ሥራ የሚችል ሰው አለበት ተብሎ ይመዘገባል። ጠዋት መጥረጊያ ይዛ ከወጣች አሮጊቷን የሚያገላብጥ የለም፤ ከቀረች ክፍያው ይቀራል። ሕመምተኛ ማስታመሟ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ይከፈላት ቢባል ከተማውን የሚያስወጣው ገንዘብ ለመንገድ ጽዳት ከሚከፍላት አይበልጥም።