የጭቃ መደብ ዛፍ አያስቆርጥም

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ወረታ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ቢመለከት፤ ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተሰብስቦ፤ የቀረው ኮረብታ ግን ተራቁቶ ወይም ባሕር ዛፍ ለብሶ ያያል። የጥንቱ ደን ወዴት ሄደ? ቢሉ፤ እርሻው ወስዶታል፤ ምድጃውና የቤት ሥራውም ጨርሶታል።

ወረታ ከመድረሱ በፊት ግን፤ በፎገራ ወረዳ፤ በጥቂት ዕቃ መኖር ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ አንድ መንደር አለ። ይኸውም ዙምራ ኑሩ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት አውራ አምባ ነው።

በዚያ መንደር መቀመጫውና መደርደሪያው ከጭቃ ተሠርቶ ከቤቱ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፤ ጣውላ አይገዛበትም፤ ግንድም አይቆረጥበትም። ያረጀም እንደ ሆነ ወደ አፈርነቱ ይመለሳል እንጂ ውዳቂ ሆኖ አይቀርም። የጭቃ ምድጃቸውም ማገዶ ይቆጥባል፤ ጢሱንም ወደ ውጭ ስለሚያወጣ የእናቶችን ዓይን ያሳርፋል። ሠርጋቸውን ያለ ድግስ ስለሚፈጽሙም ለድግስ የሚነደው እንጨት ይተርፋል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አያቶቻችንም በጭቃ መደብ ይቀመጡ፤ እህላቸውንም በጭቃ ጎታ ያኖሩ ነበር። ዛሬ ግን የቤት ክብር በአልጋና በቁም ሣጥን ብዛት የሚለካ መስሎናል።

አንባቢ ሆይ! አዲስ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት «ያለዚህ መኖር አልችልምን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ዝግባ ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ ዘመን ይፈጃል፤ ሳትገዛው የተውኸው ዕቃ ግን ግንዱን ዛሬውኑ ከመጥረቢያ ያድነዋል።