የወሎን ረሃብ የቀረጹ ፊልሞች ዛሬ ሲታዩ



አንዳንድ ፊልም ዕድሜ ሲጨመርበት ይከብራል። አንዳንዱ ደግሞ በወጣበት ዘመን ተመልካቹን አስለቅሶ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ የዚያኑ ተመልካች ልጆች ያሳፍራል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው በሲኒማ ቤት ለመዝናኛ የሚታዩትን አይደለም። የገዛ ወላጆቻችንን፣ የወሎን ሕዝብ፣ በችግሩ ቀን የቀረጹትን የረሃብ ፊልሞች ነው። እዚህ ላስታ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ እነዚህን ፊልሞች ሳያይ አርባና ሃምሳ ዓመት ኖሯል። ዛሬ ግን ልጆቻችን ከተንቀሳቃሽ ስልካቸው አውጥተው ያሳዩናል። ምን ብለን እንደምናስረዳቸው ማሰብ የወላጅም የመምህርም ግዴታ ሆኗል።

የመጀመሪያው፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውና ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በቴምዝ ቴሌቪዥን የታየው ነው። ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ «ያልታወቀው ረሃብ» ማለት ነው። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ሕዝብ ዘንድ ታላቅ ድንጋጤ ፈጥሮ ብዙ እርዳታ አስገኝቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ርእሱን ዛሬ የሚያነብ የላስታ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ለመሆኑ ለማን ነው ያልታወቀው? በ1958 ዓ.ም. ዋግንና ላስታን የፈጀውን ረሃብ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በጥናታቸው ዘግበውታል፤ የፊልም ካሜራ ግን አልደረሰለትም። የ1965ቱንም ቢሆን ከዲምብልቢ ቀድመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው በፎቶግራፍ አንሥተው፣ በግቢያቸው ለተማሪው አሳይተዋል። በሬውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳናው የወረደው ገበሬማ ከማንም በፊት ያውቅ ነበር። «ያልታወቀ» የተባለው ለንደን ስላልሰማችው ብቻ ነው።

የዚህ ፊልም ዕጣ በአገራችን ደግሞ የባሰ ነበር። ደርግ ፊልሙን ወስዶ ከቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ከሚያሳዩ ሥዕሎች ጋር ቀላቅሎ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። የድሀው ረሃብ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። የቀላቃዩ ዓላማ ግን ረሃብተኛውን ማብላት አልነበረም። ማስረጃው ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው መንግሥት አዲስ አበባን በሰንደቅና በመብራት አስጊጦ 10ኛውን የአብዮት በዓል ሲያከብርና ኢሠፓን ሲመሠርት፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ቆረም በየቀኑ ሰው ይቀበር ነበር። ስለ ንጉሡ ድብቅነት ፊልም ያሳየው መንግሥት የራሱን ረሃብ ደበቀ። ከእነዚህ ሁሉ ክፉኛ ያረጀ ፊልም የትኛው ነው ብንባል፣ ያለ ጥርጥር ይህንን የመስከረም ማታ ቅልቅል እንጠቅሳለን።

ሁለተኛው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የቆረም ዘገባ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ድምፁ የማይክል በርክ ነው። ካሜራውን የያዘው ግን ሙሐመድ አሚን የተባለ የናይሮቢ ተወላጅ ሙስሊም ወንድማችን ነበር፤ ይህን ብዙ አንባቢ አያውቅም። ይህ ሰው በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ኮሞሮስ አጠገብ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት። የእርሱ ሥዕል ስንት ሺህ ነፍስ እንዳተረፈ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥዕሉን አንነቅፍም። ጊዜ ያለፈበት በሥዕሉ ላይ የተነገረው ነው። ጋዜጠኛው ያየውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳሰለው፤ ንግግሩም ዝነኛ ሆነ። በዚያ ሜዳ ከተኮለኮለው ሕዝብ ብዙው የራያ፣ የየጁና የዋግ ሰው፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበር። የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁለቱም ያውቁታል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሰባቱ የረሃብ ዓመታት ከመምጣታቸው በፊት ሰባት የጥጋብ ዓመታት ነበሩ፤ እህሉ ከነዛላው ተቀመጠ፤ ለጎተራው ታማኝና ዐዋቂ ኃላፊ ተሾመ። ከግብፅ ውጪ ያለው ሰው ሳይቀር እየመጣ ሰፍሮ ሄደ። እንግዲህ የጥንቱ ረሃብ የአስተዳደር ትምህርት ከሆነ፣ የቆረሙን «የጥንት ዘመን ረሃብ» ብሎ እንደ ሰማይ ቁጣ ብቻ ማቅረቡ አስተዳዳሪውን ነፃ ማውጣት ነው። ድርቁ ላይ ጦርነት ነበረ፤ ገበሬው በርካሽ እንዲያስረክብ የሚገደድበት የእህል ኮታ ነበረ፤ ንግድና መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከዚያም በሠፈራ ስም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጫነ፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት የተለያየው ብዙ ነው። ዓለም ደጋግሞ ያየው ፊልም ከዚህ ሁሉ የያዘው እጅግ ጥቂቱን ነው።

ዘገባውን ተከትሎ የመጣው ዘፈንማ ጭራሽ የሚያስቅ ሆኗል። በኅዳር መጨረሻ ላይ ባንድ ኤይድ የተባለው የእንግሊዝ ዘፋኞች ስብስብ፣ እነዚህ ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ መዝሙር አወጣ። ለላሊበላ ሰው! በየዓመቱ ገና ሲደርስ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ ክርስቲያን ምእመን ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት እኛ ሙስሊም ጎረቤቶቹ በዓይናችን እናያለን፤ ቤትም እናከራያለን። ወንዝ የማይፈስባት ምድር ተደርጋ የተዘፈነላት አገርም ተከዜ የሚነሣባት ናት። ገንዘቡ ነፍስ አድኗል፤ ባለውለታን መዝለፍ ከአደብ ውጭ ነው። ግን መዝሙሩ በ2017 ዓ.ም. ለ40ኛ ዓመቱ እንደገና ተቀላቅሎ ሲወጣ፣ ከዚህ ቀደም ድምፁን የሰጠው ኤድ ሺራን እንኳ ቢጠየቅ ኖሮ እንደማይፈቅድ ተናግሯል።

ባለፈው ዓመት ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ ፊልሙን አይቶ «እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ከብዙ የፊልም ሒስ ይበልጣል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ በታየው ሌላ ፊልም ውስጥ ልትሞት ስታጣጥር የታየችው የትግራይ ሕፃን ብርሃን ወልዱ ትባላለች። ስሟን ዓለም በደንብ የሰማው ግን በ1997 ዓ.ም. አድጋ፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ በቆመች ጊዜ ነው። ሌሎቹ እስከ ዛሬ ስም የላቸውም።

በሸሪዓችን የሙስሊም ገላ በሕይወትም በሞትም ክብር አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወንድሙን ገመና የሸፈነ ሰው አላህ ገመናውን እንደሚሸፍንለት አስተምረዋል። ቁርኣንም (2፡264) ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ያስጠነቅቃል፤ በድብቅ ለድሆች መስጠትንም (2፡271) የበለጠ መልካም ያደርገዋል። ራቁቷን ልጅ ያቀፈች እናት በየመንደሩ ቴሌቪዥን ስትታይ ማንም ፈቃዷን አልጠየቀም። የተራበ ሰው ቢጠየቅስ እምቢ ሊል ይችላል ወይ? ፊልሙ ባይነሣ እህሉ አይመጣም ነበር፤ ይህንን ችግር በቀላል ፈትዋ የሚፈታ ያለ አይመስለንም። የዛሬው ግን ቀላል ነው። በየበዓሉ የዘይትና የፓስታ ማከፋፈያ ፎቶ በየማኅበራዊ ገጹ የሚለጥፉ ወገኖቻችን ያንን ችግር የለባቸውም፤ ፎቶው ባይነሣም ዘይቱ ይደርሳል።

እኛ ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር የሞከርነውን እንናገር። ከቆረም የተረፉ ሁለት ሽማግሌና አንዲት እናት በሚገኙበት ፊልሙን ድምፁን አጥፍተን አሳየን። እናታችን መጀመሪያ ፊታቸውን መለሱ። ቆይተው ሲናገሩ የጀመሩት ከረሃቡ ሳይሆን ከብርዱ ነው፤ ከደጋ ሲወርዱ ጋቢውን በመንገድ ሸጠው ስለበሉት ሌሊቱን የሚለብሱት አልነበራቸውም። አንደኛው አባት የመቃብሩን ነገር አነሡ። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ቦታ ለየቅል ቢሆንም ጉልበት ያለው ሰው እየጠፋ ሲሄድ ማን ለማን እንደሚቆፍር አይመረጥም ነበር አሉ። ከፈን ስለታጣ በጆንያ የገነዙትን ሲያነሡ ድምፃቸው ተቋረጠ።

ከዚያ የመንደራቸውን ሰው አንድ በአንድ፣ ከነአባቱ ስም ይቆጥሩ ጀመር። የቤቱ ልጅ ደብተር አምጥቶ ይጽፋል፤ እናታችንም ከጎን ያርማሉ፤ «የለም፣ እርሷ ተመልሳለች፣ የቀረው ወንድሟ ነው» ይላሉ። መግሪብ ሲደርስ አሥራ ሰባት ስም ተጽፎ ነበር። የቀረውን በሚቀጥለው ጁምዓ ለመጨረስ ተቀጣጠርን።