የሰውን ዘር በብርድ ስለ ማቈየት

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ንግግራችን የምንገልጽላችሁ፥ ልጅ ለመውለድ ችግር ላጋጠማቸው ሰዎች የሕክምና ጥበብ ስላስገኘው አንድ ዘዴ ነው፤ ይኸውም የሴትን እንቁላልና ገና ከማሕፀን ያልገባ ለጋ ጽንስን በብርድ ኀይል ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ማቈየት ነው። ጉዳዩ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የባልና የሚስት፥ የሕግና የፊርማም ነገር ስላለበት፥ ማንኛውም አስተዋይ ሰው መሠረቱን ቢያውቀው ይጠቅመዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ብርድ ሕይወት ላለው ነገር ጠላት የሚሆንበትን ምክንያት እንመልከት። በደጋ አገር ያደገ ሰው ውርጭ የመታውን የባቄላ ማሳ ያውቃል። ማታ ለምልሞ የነበረው ቅጠል፥ ጠዋት ፀሓይ ሲያርፍበት ጠቁሮና ጠውልጎ ይታያል። ይህ የሚሆነው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሌሊቱን በረዶ ስለሚሆን ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ይጨምራል፤ የሾሉ ቅንጣቶችም ይሠራል፤ በዚህም ምክንያት ሕዋስ የሚባሉት የሕይወት ጥቃቅን ክፍሎች ይጐዳሉ። የሰው ዘርም ውሃ የሞላበት ስለ ሆነ፥ እንዲሁ በብርድ ቢተዉት የባቄላው ቅጠል ዕጣ ይደርስበታል።

ይህን ችግር ለማሸነፍ ትልቁ በር የተከፈተው በ1949 ነው። ፖልጅ፥ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት፥ የአውራ ዶሮን ዘር ግሊሰሪን ከተባለው ወፍራም ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው ቢያቀዘቅዙት፥ በረዶው ሲቀልጥ ሕይወቱ እንዳልጠፋ ተመለከቱ። ግሊሰሪን ወደ ሕዋሱ ገብቶ የውሃውን ቦታ ስለሚይዝ፥ የበረዶውን ጉዳት ይቀንሳል። በ1972 ደግሞ የአይጥ ጽንስ ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ከቈየ በኋላ፥ ዳግመኛ ሙቀት አግኝቶ በእናት አይጥ ማሕፀን አደገና ተወለደ። ይህ የብርድ መጠን ናይትሮጂን የተባለው የአየር ክፍል ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝበት ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ የሕዋስ ሥራ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፥ አንድ ቀንም ሆነ ብዙ ዓመት መቈየቱ እምብዛም ልዩነት አያመጣም። በሐምሌ 2025 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር የተወለደ አንድ ወንድ ልጅ፥ ጽንሱ በብርድ የተቀመጠው በ1994 ነበር።

በሰው በኩል፥ በ1978 በሮበርት ኤድዋርድስ፥ በፓትሪክ ስቴፕቶና በጂን ፐርዲ ድካም፥ ከእናት አካል ውጭ በብርጭቆ ዕቃ የተጸነሰችው የመጀመሪያዪቱ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን በእንግሊዝ አገር ተወለደች። ይህ ሕክምና በአንድ ጊዜ ብዙ ጽንሶችን ሊያስገኝ ስለሚችል፥ የተረፉት ምን ይሁኑ? የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ የተገኘው በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ነው። አለን ትራውንሰንና ሊንዳ ሞር በ1983 ቀዝቅዞ ከቈየ ጽንስ እርግዝና መገኘቱን አስታወቁ፤ በ1984ም በዚያው ከተማ በዚህ ዐይነት የመጀመሪያዪቱ ሕፃን ተወለደች።

እንቁላሉን ብቻውን ማቈየት ግን እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። የሴት እንቁላል በሰው አካል ካሉት ሕዋሳት ሁሉ የሚተልቅ ሲሆን፥ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህላል፤ ትልቅነቱም የሚይዘውን ውሃ አብዝቶታል። ከዚህም በላይ የእናትን ዘር የሚያስተላልፉት ክሮሞሶሞች ረቂቅ በሆኑ ክሮች ተይዘው ስለሚገኙ፥ ብርዱ ክሮቹን ይፈታቸዋል። በ1986 ክሪስቶፈር ቼን በአውስትራልያ ቀዝቅዘው ከቈዩ እንቁላሎች መንታ ልጆች መገኘታቸውን ቢያስታውቅም፥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሳካላቸው ጥቂቶች ነበሩ።

ጽንሱን ማቈየት ከተቻለ፥ እንቁላሉን ማቈየት ባይቻል ምን ይጎዳል? የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ጉዳይ በእንግሊዝ አገር ደርሷል። በ2001 አንዲት ሴት እንቁላል በሚያፈሩት በሁለቱም ዕጢዎቿ ላይ ዕብጠት ስለ ተገኘባት፥ ዕጢዎቹ ተቈርጠው እንዲወጡ ግድ ሆነ። እንቁላሌን ብቻውን ልታቈዩልኝ ትችላላችሁን? ብላ ብትጠይቅ፥ ያ ሥራ በዚያ ክሊኒክ እንደማይሠራ ተነገራት። ስለዚህ እንቁላሎቿ ከወዳጇ ዘር ጋር ተገናኝተው፥ 6 ጽንሶች በብርድ ተቀመጡ። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ተለያዩ፤ ሰውየውም ፈቃዱን አነሣ። በ1990 የወጣው የአገሩ ሕግ፥ ጽንሱ ከማሕፀን እስኪገባ ድረስ የሁለቱም ፈቃድ ጸንቶ እንዲቈይ ስለሚያዝ፥ ጽንሶቹን መጠቀም አልተቻለም። ሴትዮዋ ጉዳይዋን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሰች፤ በ2007 ከ17ቱ ዳኞች 13ቱ ፈረዱባት። ሌላ እንቁላል የሚሰጥ ዕጢ ስላልነበራት፥ ከገዛ አካሏ ልጅ የማግኘት ተስፋዋ በዚሁ አበቃ።

እንግዲህ ጽንስ የሁለት ሰዎች ነው፤ እንቁላል ግን የባለቤቲቱ ብቻ ነው። ስለዚህም እንቁላልን ለማቈየት የተደረገው ድካም፥ በሴቲቱ መብት ላይ ታላቅ ለውጥ አምጥቷል።

ይህን ያስቻለው ዘዴ ውሃውን በረዶ ሳያደርጉ ማጠንከር ነው። ከረሜላን ተመልከቱ፤ የቀለጠው ስኳር ቶሎ ሲቀዘቅዝ፥ ወደ ስኳር ቅንጣትነት ሳይመለስ እንደ መስታወት ጠንክሮ ይቀራል። እንደዚሁም እንቁላሉን ከበረዶ በሚከላከሉ ፈሳሾች ካጠገቡት በኋላ፥ በደቂቃ በብዙ ሺህ በሚቈጠር ዲግሪ ፍጥነት ቢያቀዘቅዙት፥ ውስጡ መስታወት ይሆናል እንጂ በረዶ አይሠራም። ራልና ፋሂ የተባሉ ሊቃውንት ይህን ዘዴ በ1985 በአይጥ ጽንስ አሳዩ። ከዚያም የጃፓኑ ማሳሺጌ ኩዋያማ እንቁላሉን እጅግ ቀጭን በሆነ የፕላስቲክ ጫፍ ላይ በጥቂት ፈሳሽ አኑሮ፥ ወዲያው ናይትሮጂን ውስጥ የሚነክርበትን መሣሪያ አዘጋጀ። በ2012 የአሜሪካ የመራቢያ ሕክምና ማኅበር፥ እንቁላልን ማቈየት ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ሙከራ እንዳይቈጠር አስታወቀ።

የካንሰር መድኀኒትና ጨረር እንቁላልን ሊያጠፉ ስለሚችሉ፥ ከሕክምናው በፊት እንቁላሏን የምታስቀምጥ ወጣት ሴት ዛሬ ያለ ማንም ሌላ ሰው ፈቃድ ተስፋዋን ልትጠብቅ ትችላለች።

ይሁን እንጂ ተስፋው ዋስትና አይደለም። ከብርዱ ሲወጡ፥ ከወንድ ዘር ጋር ሲገናኙ፥ በማሕፀን ሲቀመጡም በየደረጃው የሚጠፉ አሉ። እንቁላሉ ከብርዱ የሚወጣው በገባበት ዕድሜ ነው፤ በ38 ዓመት የተቀመጠ እንቁላል የ28 ዓመት አይሆንም። ጽንሱን የምትሸከመው እናት ዕድሜም ቆሞ አይጠብቃትም። ዕቃውም ቢሆን ጥበቃ ይፈልጋል፤ በመጋቢት 2018 በአሜሪካ በክሊቭላንድና በሳን ፍራንሲስኮ ከተሞች፥ የማቀዝቀዣ ጋኖች ተበላሽተው ብዙ ሺህ እንቁላሎችና ጽንሶች ለጉዳት ተዳርገዋል።

በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለመካንነት ሕክምና የሚሆን ማዕከል በ2019 ስለ ተከፈተ፥ ነገሩ ከእንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ወደዚህ ሕክምና የሚሄዱ ባልና ሚስት፥ ወረቀቱን ከመፈረማቸው በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፤ የሚቀመጠው እንቁላል ነው ወይስ ጽንስ? ለስንት ዓመት ይቈያል? የየዓመቱን ኪራይ ማን ይከፍላል? ብንለያይ ወይም ከሁለት አንዳችን ብንሞት ምን ይደረጋል? በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች፥ ሳይነበብ የተፈረመ ወረቀት የሚያመጣውን ጣጣ ሳናውቅ አንቀርም። ብርዱ ዘሩን ለብዙ ዘመን ይጠብቃል፤ የሰዎቹን ስምምነት ግን ራሳቸው ሰዎቹ ሊጠብቁት ይገባል።