የበቆሎና የማሽላ አገዳ ለወተት ላም ቀለብ

በአቦቦ ወረዳ በቆሎና ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ አገዳው ብዙውን ጊዜ በማሳው ላይ ይቀራል። ከፊሉ ይበሰብሳል፤ ከፊሉን ምስጥ ይበላዋል፤ የቀረውም በበጋ ከሳሩ ጋር ይቃጠላል። በዚያው ወራት ላሟ የምትበላው አጥታ ትከሳለች፤ ወተቷም ይነጥፋል። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር መጥተው በዚህ የሰፈሩ ገበሬዎች የጤፍና የገብስ ጭድ ከምሮ ለበጋ ማቆየትን ያውቃሉ። አገዳም በጊዜው ከተነሣ እንደ ጭድ ይቀመጣል።

አሰር ለላም ምን ይጠቅማል?

በላም ትልቁ ጨጓራ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። አሰር የሚባለውን ጠንካራውን የመኖ ክፍል እነርሱ ያብላሉታል፤ ከዚህም ለላሟ ጉልበትና ለወተቷ ቅባት የሚሆን ነገር ይገኛል። ደግሞም ላሟ አሰር ያለውን መኖ ስታመነዥክ ብዙ ምራቅ ትውጣለች፤ ምራቁም ጨጓራዋ እንዳይኮመጥጥ ይጠብቃል። ስለዚህ ፉርሽካና ዱቄት ብቻ የምትመገብ ላም ሆዷ ይታወካል፤ የወተቷም ቅባት ያንሳል።

ይሁን እንጂ አገዳ ብቻውን ወተት አይሆንም። ተሕዋስያኑ ሥራቸውን በሚገባ እንዲሠሩ ከደረቅ መኖው 100 እጅ 7 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ሊሆን ይገባል። በደረቅ አገዳ ውስጥ የሚገኘው ግን ከ3 እስከ 5 እጅ ገደማ ነው። እንግዲህ አገዳ ብቻ የምትበላ ላም ሆዷ ሞልቶ ሳለ ትራባለች ማለት ነው። ይህን ጉድለት የኦቾሎኒ ሐረግ ወይም የስኳር ድንች ሐረግ ይሞላዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ እህሉ እንደ ተነሣ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ አገዳውን ማጨድ። ከአንድ ኩንታል በቆሎ ቢያንስ አንድ ኩንታል ያህል አገዳ ይገኛል። ሁሉንም ማንሣት ግን አይገባም፤ ከፊሉ ለአፈሩ ይቅር።

2ኛ/ በነዶ አሥሮ፣ አቁሞ በደንብ ማድረቅ፤ ከዚያም ምስጥ እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ዝናብ እንዳይመታው ከጣራ በታች መከመር። እሳት እንዳይደርስበት በዙሪያው ያለውን ሳር አጥርቶ ማጽዳት ያስፈልጋል።

3ኛ/ ከመስጠት በፊት በገጀራ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መክተፍ።

4ኛ/ 200 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። ከዚህ ውስጥ 3 ኪሎው አገዳ፣ 2 ኪሎው የደረቀ የኦቾሎኒ ሐረግ ቢሆን መልካም ነው። ለ5 ወር በጋ 4 ኩንታል ተኩል አገዳ ያስፈልጋል። ላሟ ቅጠሉን መርጣ ጠንካራውን ስለምትተው ግን 6 ኩንታል ማዘጋጀት ይሻላል። የተረፈው ለጉዝጓዝና ለፍግ ይሆናል።

5ኛ/ አዲሱን መኖ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ማለማመድ፤ ንጹሕ ውኃና ጨው አለማጓደል።

ጥንቃቄ

ማሽላ ከታጨደ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቡቃያ ብርቱ መርዝ አለበት። ላም በብዛት ከበላችው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊገድላት ስለሚችል፣ ባቆጠቆጠ የማሽላ ማሳ ላይ ከብት አይሰማራ። የሻገተ አገዳና የሻገተ የኦቾሎኒ ሐረግም አይሰጥ፤ የሻጋታው መርዝ በወተቱ አልፎ ለልጆች ይደርሳልና። በቆላ ዝንብ የሚመጣው የገንዲ በሽታ የያዛትን ላም ደግሞ መኖ ብቻ አያድናትም፤ ሳይዘገይ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት ይገባል።

የልማት ሠራተኞች ይህን ለማስተማር በየቀበሌው አንዲት የምትታለብ ላም ከባለቤቷ ጋር ቢመርጡ ይበቃል። ከአዲሱ መኖ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከለመደችው በኋላም ሁለት ሳምንት የታለበውን ወተት በአንድ ጣሳ እየለኩ ይጻፉ። ጎረቤቶቹም መጥተው ልዩነቱን በዓይናቸው ይዩ፤ ገበሬ ከንግግር ይልቅ ጣሳውን ያምናልና።